ሟቹ ብርቱካን ሲልጥ

ገባች! ልጄ ኮሌጁ ተቀበላት፤ ያውም ያ አንቺ የላክሽልን ሰው «በሩንም አታዩት» ያለን ኮሌጅ።

ውድ እታለም፣ ሰላምታ ላስቀድም ብዬ ነበር፤ እጄ ቀደመኝ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። አባቷም ደህና ነው። ይቺን «አባቷም ደህና ነው» የምትለዋን ልብ አድርጊልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ደስታዬን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሻለሁ። ያ ሰው ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ደስታዬ ይደፈርሳል። አንቺ የምታውቂው ግማሹን ስለሆነ ከመነሻው ልንገርሽ።

ልጅሽን ኮሌጅ ያስገባልሽ አማካሪ እንደሆነ ነግረሽኝ፣ የልጆችን ዕድል መዝኖ ይናገራል ብለሽ አመሰገንሽው፤ መጣ። ጫማውን በቅጡ ሳይጠርግ የባለቤቴ ወንበር ላይ ተዘረጋ። የልጄን ውጤት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ የሻገተ ዳቦ እንደሚያይ ሰው አገላበጠው። ታሪክ ደህና ነው፤ ሂሳብና ፊዚክስ እንደምታውቂው መካከለኛ፣ እሱም በስንት ልመና። ከመቶ አራት እጅ ዕድል አላት አለን። እውነት ለመናገር በዚህ አልተቀየምኩትም፤ ልጄን አውቃታለሁ።

ከዚያ ዕድሉን ከፍ ወደ ማድረጉ ገባ። ኮሌጁ ከውጤቱ ሌላ ልጆቹ ስለራሳቸው የሚጽፉትን ያነብና ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። አንባቢን የሚይዘው ሐዘን ነው አለ። ባለቤቴ ከአውቶብሱ ወርዶ መምጣቱ ነው፤ የሹፌር ልብሱን ሳይቀይር ብርቱካን እየላጠ ያቀብለዋል። ሰውዬው እየዋጠ፣ ጭማቂው በአገጩ እየወረደ፣ ወደ ልጄ ዞረ።

«አባትሽ ሞቷል ብለሽ ጻፊ» አላት። «አባት የሞተባት ልጅ መካከለኛ ብታመጣ ማን ይፈርድባታል? ከመቶ ሠላሳ ትገቢያለሽ።»

እታለም፣ ዕድሜዬን የሰው ኮሌታ ሳጥብና ስተኩስ ነው የኖርኩት። እንዲህ ያለ እድፍ ግን አላጋጠመኝም።

ባለቤቴን ታውቂው የለ፣ ቀልዱን አይተውም። በምን በሽታ ልሙት ብሎ ጠየቀው። ያ ሰው ቀልድ መሆኑ እንኳ አልገባውም፤ ቆየት የሚያደርግ በሽታ ይሻላል፣ እሷ እያስታመመች ትማር እንደነበር ትጽፋለች አለው፤ እጁንም ለሌላ ብርቱካን ዘረጋ። ባለቤቴ ቢላዋውን ጠረገ። ከዚያ፣ ሳይስቅ፦

«የሚያስገባት ከሆነ ልሙትላት፤ ምን ይጎድልብኛል?»

ከሰውዬው ይልቅ ባለቤቴን ለዚህ ማብቃታችን ነው የቀፈፈኝ። ልጄ ተነስታ ውጤቷን ከሰውዬው እጅ ተቀበለችው። «አባዬ፣ እኔ አልቀብርህም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰውዬው ተቀየመ። ሙያው መናቁ ነው መሰል፣ ማስረጃ ብሎ ያንቺን ነገር አነሳ። «እህትሽ እኮ በልጇ ጽሑፍ ላይ ከሞተች ቆየች፤ ልጁ ይኸው ሦስተኛ ዓመት ደርሷል» አለኝ። ጥርሱ ላይ የብርቱካን ፍሬ ተጣብቋል። የተላጠውን ከፊቱ አነሳሁና በሩን ከፈትኩለት።

አንቺ ታውቂ ነበር? እንደ ባለቤቴ «ልሙትለት» ብለሽ ነው ወይስ ሳይነግሩሽ ቀበሩሽ? ልጅ ሲባል ሰው የማይሆነው የለም፤ ብታውቂም አልፈርድብሽም። ሁለቱም ግን እኩል ያንገሸግሸኛል። በደብዳቤ አትመልሺልኝ፤ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።

ልጄ ምን ጻፈች መሰለሽ? ያ ሰው የመጣበትን ያንኑ ከሰዓት በኋላ ጻፈችው። ብርቱካኑን፣ አገጩን፣ አባቷ ለመሞት እሺ ማለቱን። መካከለኛ ውጤቷንም ያለ ሰበብ አስቀመጠችው፤ ሂሳብ ይከብደኛል ብላ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሯት አንዲት ሸበቶ ሴትዮ «አባትሽ አሁን የት ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። «በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ቁጭ በል ብለው እምቢ አለኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ተነስታ በመስኮት አየችው አሉ።

የሰውዬው ሚዛን ልክ ሊሆን ይችላል፤ አራት ከመቶ ማለት እኮ አራት ልጆች ይገባሉ ማለት ነው፤ አንዷ የኔ ሆነች። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ክረምቱን ሂሳብ እንድትማር አዘዋታል። እያለቀሰችም ቢሆን ትማራታለች።

አሁን ለልጄ የደስታ ድግስ ስጠራሽ ሰበብ አልሰማም። ወንድማችን ከነሚስቱ፣ አክስታችን፣ የአውቶብሱ ባልደረቦች፣ ሁሉም ይመጣል። ልጅሽንም ይዘሽው ነይ፤ አልቆጣውም፣ ጆሮውን ግን ትንሽ እይዛለሁ። እንግዳ በር ላይ ቆማችሁ የምትቀበሉልኝ አንቺና ባለቤቴ ናችሁ። ሁለቱ ሟቾች ጎን ለጎን ቆመው ሲስቁ አገር ሁሉ ይይልኝ፤ ቀኑም የዛሬ ሳምንት እሑድ፣ ከቀትር በኋላ ነው።

ታናሽሽ