ማኅተም ያረፈበት ወጥ ቤት

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎና በደወልኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው እያለች በትዕግሥት ለምትመልሰኝ ጸሐፊዎ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ከወንበር ሳይነሱ ይህን ሁሉ መኪና መመርመር ወገብ ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እኛ ተመስገን ነው፣ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ወጥ ቤታችን ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ለአደባባይ ማብቃቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ፤ በበርዎ ሥር ያስገባኋቸው የቀደሙት ደብዳቤዎች ምንጣፍዎ ሥር ገብተው ቀርተው እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ የአንድ ጡረተኛ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሚስት ነኝ። ባለቤቴን ሠፈሩ ጋሽ ይጠቅማል ብሎ ይጠራዋል፤ የተሰነጠቀ ሳህን፣ የነተበ ገመድ ልጥል ስነሣ ከእጄ መንጭቆ ይጠቅማል የሚል ሰው ስለሆነ ነው። ጡረታ በወጣ ሰሞን ከሟች ወንድሙ አንዲት አሮጌ መኪና ወረሰ፤ መኪና ልበላት እንጂ ግማሽ አካሏ አብሯት አልመጣም። መለዋወጫ መደብር ሄዶ ዋጋ ጠየቀና ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ፤ ከዚያም ወጥ ቤት ገብቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ቃኘ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ሞኟ ግን የራበው መስሎኝ ምሳ አቀረብኩለት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ የወጥ ቤት ዕቃዎቼን ለማዕረግ ስላበቁልኝ አመሰግናለሁ። ዱቄት የምነፋበት ወንፊት አሮጌ ስቶኪንጌን ለብሶ የሞተሩ አየር ማጣሪያ ሆኗል። የትልቁ ድስት ክዳን የኋላ ጎማ ሽፋን ሆኖ ይሽከረከራል፤ የፔርሙዙ ክዳን ቤንዚን ማስገቢያው ላይ ተደፍቷል፤ የወለል ውሃ የምገፋበት ጎማ ለሁለት ተሰንጥቆ ዝናብ ይጠርጋል። የመላጫው መስታወት ስፖኪዮ ከሆነ ወዲህ ባለቤቴ ጢሙን የሚላጨው ግቢ ወጥቶ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው። የልጅ ልጄ ብርቱካናማ ኩባያ ፍሬቻ ሆኖ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሕፃኑ የኔ ነው እያለ ያለቅሳል። የኋላው በር መቆለፊያ ስለሌለው በልብስ ማስጫ ገመዴ ከውጭ ይታሰራል። ታዲያ ልብሱን የት ታሰጫለሽ እንዳይሉኝ፤ መኪናዋ ላይ ነዋ!

፪ኛ፤ ስለ መርማሪዎ ትጋት አመሰግናለሁ። የምርመራው ቀን ሲደርስ በደስታ የክት ልብሴን ለብሼ፣ መኪናዋ ምርመራውን ስትወድቅ በዓይኔ ለማየት፣ ክዳኔንና ወንፊቴንም ይዤ ለመመለስ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥዬ አብሬው ሄድኩ። ባለ ሰማያዊ ጋውኑ መርማሪዎ ራቅ ብሎ እየዞረ ወረቀቱን ያነባል፤ ስፖኪዮ ይላል፣ አየት ያደርጋል፣ አለ ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ፍሬቻ ይላል፣ አለ፤ በር ይላል፣ አለ። በሩ ይከፈታል ወይ የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ አልጠየቀም፤ ሰው ያልተጻፈ ነገር አንብብ አይባልም። ወደ መኪናዋ ጠጋ ያለው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በመላጫው መስታወት ጸጉሩን ለማስተካከል። ማኅተሙ ጧ ብሎ ሲያርፍ ባለቤቴ እንባው መጣ፤ የኔም መጣ፣ በየፊናችን። ዘንቢሌ ባዶዋን ሄዳ ባዶዋን ተመለሰች።

፫ኛ፤ ስለ ሕጉ ጥብቅነት አመሰግናለሁ። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶብኝ ክዳኔን ከጎማው ልነቅል ጎንበስ ስል፣ ባለቤቴ መነጽሩን አጥልቆ የምስክር ወረቀቱን ጀርባ አነበበልኝ፦ የተመረመረን ተሽከርካሪ አካል ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ መንቀል ያስቀጣል ይላል። ጉድ ነው! በገዛ ክዳኔ ልታሰር ነው። ወረቀቱ አሁን በፍሬም ገብቶ ከምድጃዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ሳማስል ቁልቁል ያየኛል። ስለዚህ ክዳኔን እሑድ እሑድ ለምሳ ሰዓት ብቻ እንድጠቀምበት በጽሑፍ እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ወጡ እስኪበስል ድረስ መኪናዋ ከቦታዋ እንደማትንቀሳቀስ ቃል እገባለሁ። ለነገሩ ቃል ባልገባም አትንቀሳቀስም።

፬ኛ፤ ጎረቤቶቼን ስላነቃቁልኝ። ማኅተሙን ያዩ የሠፈሩ ባሎች ሁሉ ልባቸው ተነሣስቶ ጓዳ ጓዳውን ማየት ጀምረዋል፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መጥበሻዋን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። እኔን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

አምስተኛው ላይ ስደርስ ቀልዱ ከእጄ ወደቀ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን በቁጥር ልጽፈው አልሆነልኝም። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ እኛው ዘንድ ናት። የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው በኦፕራሲዮን ስለነበር፣ ሐኪሟ ያሁኑ ምጥ ገና ጫር ሲያደርጋት አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ይዛችኋት ኑ ብሎ አስጠንቅቆናል። ባለቤቴ ደግሞ ልጄን የማደርሳት እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው ንክች አያደርጋትም ብሎ የኋላውን ወንበር በትራሶቼ ደልድሎ ጨርሷል።

ባለፈው እሑድ ለልምምድ ብሎ ይዟት ወጣ፤ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ በሩንም ከውጭ አሰረልን። ሆስፒታሉ ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን ስናጋምስ መኪናዋ ደጋግማ አስነጠሰችና ቀጥ አለች፤ ከኋላችን ክላክስ በክላክስ ሆነ። ልጄ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ትንሽ ቆይታ እስቲ ልውረድና አየር ልውሰድ አለች። ባለቤቴ እየሮጠ ዞሮ ገመዱን ሊፈታ ቢል ጭራሽ ጠበቀበት፤ በጎተተው ቁጥር ጠበቀ። በወዲያኛው በር አትወርዱም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል፤ እሱ ከወንድሙ ዘመን ጀምሮ በብየዳ የተደፈነ ነው፤ እሱም በወረቀትዎ ላይ በር፣ አለ ተብሎ ይገኛል። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር ሽንኩርት ሻጭ ቢላ ተውሶ ቆረጠው። ያኔ ልጄ አትስቅም ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሎ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። በማግስቱ ባለቤቴ ምን እንዳደረገ ልንገርዎት? ገመዱን ቀየረው። በወፍራም።

እኔ ታክሲ እንጥራ ስለው፣ ማኅተም ያላት መኪና ደጅ ቆማ ታክሲ መጥራት መንግሥትን መናቅ ነው ይለኛል። ልጄም የአባቷ ልጅ ናት፤ ቅር እንዳይለው እሺ አባዬ ትለዋለች፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

ታዲያ አንቺው ለምን አትከለክይውም ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ እወደዋለሁ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስልኩ አይጮህም፣ ምክሩን የሚጠይቀው ሰው የለም። ይህችን መኪና በገዛ እጁ ሠርቶ አቁሟት፣ በእሷው የሚወለደውን የልጅ ልጁን አቅፎ ወደ ቤት መመለስ ነው ሌት ተቀን የሚያልመው። እኔ ተው፣ አትችልም ብዬ ብከለክለው ቅስሙ ይሰበራል፤ ለቅስም መለዋወጫ የሚሆን ዕቃ ደግሞ ወጥ ቤቴ ውስጥ የለም። ዝም ልበል ብል ደግሞ ፈራሁ። በግልጽ ልጻፈው፦ ልጄ ዳገቱ መሐል፣ በምጥ ተይዛ፣ በር ታስሮባት እንዳትቀርብኝ ፈርቻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

ሰውየው የሚሰማው ማኅተም ብቻ ነው። ስለዚህ እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ፣ መኪናዋን መልሰው አስጠርተው፣ በዓይን ሳይሆን በእጅ አስመርምረው፣ አላለፈችም የምትል አንዲት ማኅተም እንዲያሳርፉባት ነው። በርግጥ ባለቤቴ ይጠላዎታል። ቢሆንም እርስዎ መጠላቱን ለምደውታል፣ እኔ ግን ከሰውየው ጋር አንድ ጣራ ሥር ነው የምኖረው። ይህ ካልተመቸዎም ግድ የለም፤ ምጧ ሲመጣ እደውልልዎታለሁና መጥተው ከልጄ ጎን ይቀመጡልኝ። ትራሱ ለሁላችንም ይበቃል። በሩን ባለቤቴ ከውጭ ያስርልናል።

ለማይነካካው እጅዎና ለማይደክመው ማኅተምዎ ያለኝ አክብሮት ወደር እንደሌለው በድጋሚ እያረጋገጥኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎም እንዲያልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ክዳንም ወንፊትም የሌላት፣ ሕጋዊ ምስክር ወረቀት ግን ያላት፣

ታዛዥዎ፣
የጋሽ ይጠቅማል ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሊረሳኝ ነበር። ሾፌርዎ በቀደም እኛ ቤት መጥቶ ነበር። የመኪናዎ የራዲያተር ጎማ ተቀዶበት፣ አዲሱ ከግምጃ ቤት እስኪወጣ መጠበቅ ቢሰለቸው የባለቤቴን ዝና ሰምቶ ነው። ባለቤቴም በነጻ፣ በደስታ ሠራለት፤ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቴን አውራ ጣት ቆርጦ፣ በጸጉር ማስያዣዬ ጥፍንግ አድርጎ አሰረው። ቢጫ ስለሆነ ሲፈልጉት አያስቸግርዎትም። ከዚያ ወደ ፍሬኑ ሲያልፉ እኔ ጓዳ ስለነበርኩ ምን እንደሠሩ አላየሁም፤ ብቻ ማታ ዕቃ ሳጥብ አንድ ማንኪያ ጎደለኝ። በማግስቱ መኪናዎ በባለ ሰማያዊ ጋውኑ ተመርምራ ያለ እንከን ማለፏን ሾፌርዎ አብሥሮናል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። አሁን ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ግቢ ወርደው፣ በገዛ እጅዎ አንድ በአንድ እንደሚነካኳት አልጠራጠርም። እግረ መንገድዎን የኛንም ይንኩልን።