«አይዞህ» በማለቷ ጥፋተኛ ስለተባለችው እናቴ

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አንገትዎ ደህና ነው? ወገብዎስ? በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከኋላ ተገጭተው እንደማያውቁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምኞቴም ከልብ ነው፤ እንደዚያ ቢደርስብዎ ኖሮ ጉዳይዎን ይዘው ወደ ራስዎ ክፍል መሄድ ግድ ይሆንብዎ ነበርና፣ ያንን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ክፍልዎ የሚያውቀኝ በፋይል ቁጥሬ ብቻ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። ከአራት ወር በፊት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ እናቴን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ቀይ መብራት ይዞኝ በቆምኩበት፣ የእርስዎ ደንበኛ የሆነ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨን። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፣ ለካ፣ ፕላኑን አነሳ፣ ጥፋቱ የዳቦው መኪና ነው ብሎ ጻፈ። ሹፌሩም አልካደም። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር።

እናቴ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስታዋልድ ኖራ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች። የደነገጠ ሰው ካየች እጇ አይቀመጥም። አንገቷን በአንድ እጇ ደግፋ ከመኪናው ወረደችና፣ መሪውን እንደጨበጠ የሚንቀጠቀጠውን ሹፌር፣ ሽበት የጀመረውን የሦስት ልጆች አባት፣ የእጁን አንጓ ይዛ የልብ ምቱን እየቆጠረች «አይዞህ ልጄ፣ ማንም አልተጎዳም፤ ጥፋቱ የኛ ነው፣ መንገድ ላይ ተገትረን የቆምነው እኛ ነን» አለችው። ሰውዬው ፈገግ እስኪል ድረስ እጁን አልለቀቀችም። ምጥ የጠናባትን ሴት ሁሉ «እኔ ነኝ ጥሩ አድርጌ ያልያዝኩሽ» እያለች ስታረጋጋ ነው ዕድሜዋን የፈጀችው፤ አንዲትም ወላድ ይህንን ሰምታ ክስ አልመሠረተችባትም።

ሹፌሩ ደግሞ የዋህ ነው። ለእርስዎ ክፍል በሰጠው ቃል ላይ «ፍሬን የያዝኩት ዘግይቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኚያ እናት ግን እግዜር ይስጣቸውና ጥፋቱ የኛ ነው፣ መንገድ ላይ የቆምነው እኛ ነን ብለው አጽናኑኝ» ብሎ ጻፈ። ምስጋና መጻፉ ነበር። ክፍልዎ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ዘሎ ሁለተኛውን በቀይ አሰመረበት፤ ከዚያም ተጎጂዎቹ በአደጋው ቦታ ጥፋታቸውን በቃል ስላመኑ፣ መንገድ ላይ ቆመው እንደነበርም ራሳቸው ስለገለጹ፣ የኃላፊነቱ ግማሽ የእነሱ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ማህተም ተመትቶበት ቁጥር ተሰጥቶት ሲመጣ ያየሁት በእርስዎ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይነበብ ተምሬአለሁ።

አንደኛ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስለላኩልን ገማች አመሰግናለሁ። ሰውዬው ትሑት ናቸው። መኪናዬን በሜትር ሦስት ጊዜ ለክተው፣ የኋላው ክፍል ስለምን እንዲህ ወደ ኋላ እንደወጣ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁኝ፤ ይኸው ወጣ ማለቱም ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ጻፉ። የመኪና ኋላ በየት በኩል መሆን እንደሚገባው እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስቼ ኖሬአለሁ። ውሳኔ ሳይሰጥ እንዳላስጠግን ስላዘዙኝም የኋላው ኮፈን በራሴ የመጋረጃ ገመድ ታስሮ ይሄዳል፤ ወርቃማ ገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው፣ ደንበኞቼ ወደውታል።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮትዎ። አሳንሰሩ ተበላሽቷልና ሦስት ፎቅ በእግራችን እንወጣለን። ከዚያ የሚጠብቀን መስታወት ነው፤ የመናገሪያው ቀዳዳ ከደረት በታች ስለሆነ፣ ባለጉዳይ ሁሉ ጎንበስ ሳይል ድምፁ አይሰማም። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሁሉም እጅ የሚነሳ ይመስላል። አንገቷ በድጋፍ የታሰረ የሰባ አንድ ዓመት ሴት አሥራ አንድ ጊዜ በዚያ ቀዳዳ ፊት ጎንበስ ብላለች፤ ሐኪሟ እንቅስቃሴ አታድርጊ ያላት ስለ እናንተ መስኮት ሳይሰማ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ሹፌሩ የእናቴን ነገር ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ከኛ ጋር መጣ። አንገቱን ወደ ቀዳዳው ዝቅ አድርጎ «የገጨኋቸው እኔ ነኝ፣ ብያለሁ እኮ፣ ስንቴ ልበል?» አለ። የተሰጠው መልስ «አንተ ደንበኛችን ነህ፣ ጥቅምህን እየጠበቅንልህ ነው፣ በቃ ዝም በል» የሚል ነበር። እንግዲህ በእርስዎ ክፍል አጥፍቻለሁ የሚለው አጥፊ አይታመንም፣ ሰው ለማጽናናት አጥፍቻለሁ ያለች አሮጊት ግን ወዲያው ትታመናለች። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ያንገሸግሸኛል፤ በጨዋ ቋንቋ ልለው ብዬ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

አራተኛውን ለመጻፍ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። መስኮቱ ላይ የምትሠራዋ፣ ዓይኗ ከድካም የቀላ ሴት፣ ጥፋቱ ግማሽ የኛ ነው የሚለውን ወረቀት በቀዳዳው አሳልፋ «እማማ፣ እዚች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ፣ ፋይሉ ይዘጋል» አለቻት። እናቴ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ምን ልታደርጊ ነው ስላት «ልጅቷ ደክሟታል፤ ብፈርም ምን ይጎዳኛል?» አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። ከእናቴ እጅ ነገር ስነጥቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ እስካሁን ያፍራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እናቴን አትመስልም። ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ትንሽ ጠጋ ብለን ቆመን ቢሆን እኮ…» ብላ ትጀምርና ትተወዋለች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የሆነችው ሴትዮ አንድ ሰርቪስ ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ደጃፏ ላይ ተከሰከሰባት። እናቴ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ እስከ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ዞር ብላ «አይዞሽ ልበላት ወይስ ይጻፍብኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ እየቀለደች አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ ስስታም ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ በስስትም አልደነቅም። የተጸየፍኩት ሌላ ነገር ነው፤ የተማረ ሰው፣ እናት ያለው ሰው፣ በደህና ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዲት አሮጊት ለደነገጠ ሰው የተናገረችውን ደግ ቃል አንስቶ መልሶ እሷኑ የሚመታበት መሆኑ ነው። ይህንን ያደረገው ማን እንደሆነ ጠይቄ «ክፍሉ ነው» ተብያለሁ። ክፍሉ እናት የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የኮፈኑን፣ የፓራውልቱን፣ የመብራቱን ነገር እርስዎ በወደዱት ዘመን ይወስኑት፤ ገመድ ሞልቶኛል። ያቺን በቀይ ያሰመራችሁባትን መስመር ግን ከፋይሉ አውጡልኝ፤ ለእናቴም በስሟ፣ እንደለመዳችሁት ማህተም መትታችሁ፣ ምንም አላጠፉም የምትል አንዲት መስመር ጻፉላት። የኔን ቃል አታምንም፤ ልጄ ነሽና ታዳይልኛለሽ ትለኛለች። ማህተም ግን ታምናለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የልደት ወረቀት ስታስመታ የኖረች ሴት ነች።

ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለማህተምዎ የማይደርቅ ቀለምን፣ ለአሳንሰርዎ ፈውስን እየተመኘሁ፣ ከመስኮትዎ ፊት ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ለመጉበጥ ዝግጁ የሆንኩ፣

አክባሪዎ
መጋረጃ ሰፊዋ፣ የአዋላጅዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ዕለት ከቢሮዎ ስንወርድ፣ ያቺው የመስኮቷ ሠራተኛ ፋይል ታቅፋ ስትወርድ የተወለወለ ደረጃ አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች። በኮሪደሩ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «እኔን!» አለ። ከሁሉ የምትቀርባት እናቴ ነበረች። አፏ ተከፈተ፣ ወደኔ አየች፣ ተዘጋ። ደግፋ አነሳቻት፣ የእጇን አንጓ ዳሰሰች፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት፣ የተበተነውን ፋይል አንድ በአንድ ለቅማ ጭኗ ላይ አኖረችላት፤ ይህንን ሁሉ ስታደርግ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሠራተኛዎ አንጋጣ እያየቻት የሆነ ነገር ትጠብቅ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በሰባ አንድ ዓመቷ አስተምራችኋታል። የመኪናዬ ቅጽ እናንተው ዘንድ ነው። ለዚያች ሳትወጣ ለቀረችው ቃል የሚሞላው ቅጽ በስንተኛው መስኮት እንደሚሰጥ ቢያሳውቁኝ፣ እናቴን ይዤ መጥቼ ጎንበስ እላለሁ።