ሰባተኛው ባለሱቅ

ሰኞ

የሻይ ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የእህቴ የቃልኪዳን የምርምር አማካሪ የነበሩት ዶክተር ሙሉጌታ እማዬን ሊያጽናኑ መጥተው፣ "የምርምር ሰነዶቿን ሰብስበን በስሟ እናስቀምጣለን" አሉ። እማዬ አለቀሰች። እኔ የደነገጥኩት ቀጥለው ባሉት ነው፦ "ቅዳሜ ፉሪ ወርጄ ያነጋገረቻቸውን ባለሱቆች አገኛለሁ።"

እህቴ ከሞተች ገና ሁለት ወሯ ነው። አሁን ደግሞ በእኔ ምክንያት ስሟ ሊበላሽ ነው።

ማክሰኞ

የሒሳብ ፈተና ነበረን። ስሜን ጽፌ ቁጭ አልኩ።

እዚህ ልጻፈው፤ የምነግረው ሰው የለኝም። ቃልኪዳን የምታጠናው ኢኮኖሚስቶች አወቅን የሚሉትን ነገር እንዴት እንዳወቁት ነበር። መጻሕፍቱ ሰው ሁልጊዜ አስልቶ ይወስናል ይላሉ። እሷ "ማንን ጠይቀው?" ትል ነበር። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ፉሪ ያሉ ሰባት ባለሱቆች ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ እንዲጠየቁ አደረገች። በሚቀጥለው ሳምንት ምን የሚወደድ ይመስልዎታል? ለምን? ስድስቱን ራሷ ያዘች። ሰባተኛውን፣ ጋሽ ቶሎሳን፣ ለእኔ ሰጠችኝ። "ያልጠየቅከውን እንዳትሞላ። ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን" ብላኝ ነበር።

አንድ ቀን ሄድኩ። ሱቁ ዝግ ነበር። ከዚያ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የታክሲ ሰልፉ። የስምንት ሳምንቱን የመልስ ቅጽ ጎፋ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራዬን እየጠበቅኩ ሞላሁት።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፉሪ። ሱቁ ክፍት ነው። ጋሽ ቶሎሳ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል። ክረምት ላይ የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው።

"ክረምት? እግሬን ተሰብሬ ልጄ ቤት ተኝቼ አልነበር! ሱቁ የተከፈተው መስከረም ላይ ነው" አሉ። ከዚያ አዩኝና፣ "ምነው አንተ ጎረምሳ፣ ፊትህ አመድ መሰለ? ብስኩት ልስጥህ?"

ቅዳሜ ለዶክተሩም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሐሙስ

ማድረግ የምችለው፦ ቅጾቹን መቅደድ። ጋሽ ቶሎሳን "ዋሹልኝ" ብሎ መለመን። መታመም።

ቅጾቹን ሰነዶቿ ካሉበት ካርቶን አውጥቼ ፍራሼ ሥር ደበቅኳቸው። እማዬ ለጎረቤታችን፣ "ልጄ ባትኖርም ሥራዋ አለ። እሱን ማንም አይወስድብኝም" ስትል ሰማሁ። መለስኳቸው። ቆይቼ እንደገና አወጣኋቸው።

ዓርብ

ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ፣ "እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሷ አታውቅም" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቢሮ የቀረውን ሰማያዊ ደብተሯን ከመሳቢያቸው አወጡና አንድ ገጽ ገልጠው ሰጡኝ። የእጅ ጽሑፏ ነው።

"ሰባተኛው ባለሱቅ ስምንት ሳምንት ሙሉ አንዴም አልተናደደም፣ አላመነታም፣ 'አላውቅም' አላለም። ቁርጥ መጻሕፍቱ የሚሉትን ሰው። ፉሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ናቲ ነው የፈጠረው። ከቁጥር አውጥቼዋለሁ። እሱን ግን አልጠይቀውም። ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።"

"ጽሑፏም ላይ ባለሱቆቹ ስድስት ናቸው" አሉ ዶክተሩ። "ናቲ ማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር።"

ጠበቀችኝ። ሆስፒታል ተኝታ እንኳን። አንድ ቀን ውሃ ሳቀብላት፣ "ሌላ የምትነግረኝ የለም?" ብላኝ ነበር። "የለም" አልኳት።

ቅዳሜ

ባዶ ቅጽ ይዤ ከዶክተሩ ጋር ፉሪ ሄድኩ። ጋሽ ቶሎሳን ጠየቅኳቸው፦ በሚቀጥለው ሳምንት ምን የሚወደድ ይመስልዎታል?

"እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ!"

እንዳሉት ጻፍኩት። "ለምን?" ስላቸው ሳቁና ወደ ደንበኛ ዞሩ። ባዶውን ተውኩት።

ቅጹን ካርቶኗ ውስጥ ከላይ አስቀመጥኩት። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ከወጥ ቤት፣ "ናቲ፣ ምነው ዝም አልክ? ምን ሆነሃል?" እያለች ነው።

ልሂድ።