«የሟች ላቀው» ስለተባለችው ፒክአፕ

ለተከበሩ የአውራጃው የንብረት ሽያጭ ኮሚቴ ሊቀመንበር
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 1973 ዓ.ም.

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የሐራጅ ማስታወቂያዎ እስከተለጠፈበት እስከ ሰኞ ድረስ ደህና ነበርን። ለሽያጭ ያወጧት የናፍጣ ፒክአፕ ባለቤት የላቀው ታላቅ ወንድም ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ በገዛ መኪናው ከተወሰደ ወዲህ፣ በጠየቅን ቁጥር «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» እያሉ ስላላሳፈሩን እናመሰግናለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ ማስታወቂያው «ከፍ ያለች» ብሎ ብቻ አልፏታል። ወንድሜ የከላላ መንገድ ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት ደሴ ድረስ ወስዶ ባሌስትራ አስደርቦ ነው ከፍ ያደረጋት። ምጥ የያዛቸው ሴቶች መውጣት ሲያቅታቸው አይቶም ከኋላዋ መረገጫ ብረት አስበየደላት። ይህ ቢጻፍ ገዢ ይበረክታል።

2ኛ/ ጓዶችዎ ሲነዷት ድምጿ አልተለወጠም። በደጃችን ባለፈች ቁጥር እናታችን ወይዘሮ አበዛሽ «ላቀው መጣ» ብለው ተነሥተው የአጥሩን በር ይከፍታሉ። መልሰው እስኪዘጉት ድረስ ማናችንም ቀና ብለን አናያቸውም፤ ያስፈራናል።

3ኛ/ ማስታወቂያው «ንብረትነቷ የሟች ላቀው ቸኮል የነበረች» ይላል። እኔ ቅኔ አስተማሪ ነኝና ሰሙን አልፌ ወርቁን መፈለግ ልማዴ ነው። የማስታወቂያዎ ሰሙ መኪና፣ ወርቁ የወንድሜ ሞት ሆኖ አገኘሁት። ሞቱን ለመኪና ገዢ ነግረው ለእናቱ ያልነገሩት በሥራ ብዛት እንደሆነ እረዳለሁ። ሚስቱ አስቻለች እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሰችም፤ መሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት አይፈታም፣ ተዝካርም አይወጣም። መኪናዋን አንጠይቅም። የሞተበትን ቀንና የተቀበረበትን ቦታ ብቻ ይንገሩን።

ከደብዳቤ ግርጌ የማይቀረውን «እናት አገር ወይም ሞት» በአክብሮት እየጻፍሁ፣ ከሁለቱ ለወንድሜ የደረሰው የትኛው እንደሆነ ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ እንደ መኪናዋ ከፍ ያለ ነው።

መሪጌታ መልአኩ ቸኮል
(ከማስታወቂያዎ ጎን በገዛ እጄ የለጠፍሁት)

ማሳሰቢያ፦ «ሟች» የሚለው የታይፕ ስህተት ከሆነ ከሐራጁ ቀን በፊት እንዲታረም እለምናለሁ። ስህተት ካልሆነ ደግሞ ገዢው በደጃችን እንዳያልፍ ይምከሩልን፤ እናታችን ማንበብ ስለማይችሉ በሩን መክፈት አልተዉም።