አሥር ዙር እስከ ወፍጮ ቤቱ

መስከረም 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

በግራ እጅ የተጻፈ ነው። ዶሮ የጫረችው የሚመስለው ለዚህ ነው። አንባቢ ስለሌለኝ ይቅርታ የምጠይቀውም የለም።

ደም ግፊቱ ከጣለኝ ሁለት ወር ከአራት ቀን። ባለቤቴ አማከለች ሸሚዜን ቆልፋልኝ ስታበቃ፣ "ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው ክቡር ሚኒስትር?" አለችኝ። ሐኪም ቤት ነበር።

ሲስተር ቀመሪያ ቀኝ እጄን ገልብጣ አየችው። ቆነጠጠችው።

"ይሰማዎታል?"

"ቅሬታ ይሰማዋል።"

አልሳቀችም። ጠዋት ጠዋት አሥር ዙር በእግር፣ ከዚያ ሃምሳ ሽምብራ ከጣሳ ወደ ጣሳ፣ በቀኝ እጅ ብቻ፣ አንድ በአንድ። በየቀኑ። "አንድ ቀን እንኳ ካለፈዎት እጅዎ ይረሳል" አለች።

ሃያ ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ፣ የሰውን በደል በታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው... ሽምብራ ልለቅም። ታይፑ አልጋ ሥር ነው። ባልደረቦቼ ቦታዬን እስከ ታኅሣሥ መባቻ ይጠብቁልኛል። ከዚያ በኋላ ጃንጥላው ሥር ሌላ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ጻፍኩ፦

"ለቀኝ እጅ፣ ባለበት። ጉዳዩ፦ ወደ ሥራ ስለመመለስ። አመልካች ለሃምሳ አራት ዓመት ያለ አንዳች ጥፋት ተሸክሞዎት የኖረ ሲሆን..."

ምላሽ የለም። እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት።

መስከረም 10

ለሜሳ መጣ። ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለው ጎረቤቴ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው። እሱን በግንቦት ነው ግፊት የጣለው። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ሲናገርም ገንፎ የጎረሰ ይመስላል።

"ጸሐፊው፣ ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት በርህን በድንጋይ እደበድባለሁ።"

"በማን ፈቃድ?"

"በሲስተር ቀመሪያ። ለገና በዓል ፉሪ ተራራ ድረስ በእግራችን ደርሰን እንመለሳለን።"

ይህን ብሎ ሲወጣ የበሩን ደፍ ለመሻገር ግራ እግሩን በሁለት እጁ አነሣው። ፉሪ...

መስከረም 14

አራት ዙር። ከደጄ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሶ መልስ አንድ ዙር ይባላል። ሽምብራ፦ ስድስት። ሰባተኛዋ አምልጣ አልጋ ሥር ገባች፣ ታይፑ ዘንድ። ለሜሳ አሥሩንም ጨረሰ። ሲጨርስ አጥር ተደግፎ እንደ አሮጌ ሎንቺና አለከለከ።

መስከረም 21

ማርያም። አልወጣሁም። በሩን ሲደበድብ በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

"ዛሬ ማርያም ናት። ሥራ አይሠራም።"

"ሽምብራ መልቀም ሥራ ነው እንዴ?"

"በዕድሜዬ እንደሱ የከበደ ሥራ አላየሁም።"

ለሜሳ ጴንጤ ነው፤ የወር በዓል የለውም፣ ምስኪን። ብቻውን ሄደ። ተገልብጬ ተኛሁ። እንዴት ይጥማል።

መስከረም 30

ስሌት ሠራሁ። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሲደመር... ከሠላሳው ቀን አሥራ ምናምኗ ብቻ ለሽምብራ ትቀራለች። የቅዱሳኑን ብዛት እስከዛሬ እንዲህ ወድጄው አላውቅም።

ድሮ በደህናው ጊዜ ግን በገብርኤልም በአቦም ታይፕ እመታ ነበር። ይህ በመዝገቡ አይያዝ።

ጥቅምት 8

ሐኪም ቤት። ለሜሳ ያለ ከዘራ ገባ። ሲስተር ቀመሪያ አጨበጨበችለት። የኔ ተራ ሲደርስ ዘጠኝ ሽምብራ አሻግሬ አሥረኛዋን ጫማዋ ላይ ጣልኩ።

"ስንት ቀን አለፈዎት?"

"በዓላቱን ነው እንጂ ሌላውን..."

"ጋሼ፣ እኔ እጅዎ ክርስቲያን መሆኑን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጡንቻ ነው።"

ለሜሳ ሳቀ። በተሳሰረ ምላስ መሳቅ ይቻላል ለካ።

ማታ ነገሩን ለአማከለች ስነግራት ከእኔ ጎን ትቆማለች ብዬ ነበር። "እኔ በበዓል ልብስ አላጥብም አልኩ እንጂ፣ አንተን አትራመድ ብያለሁ? ቤተ ክርስቲያን በምን ነው የሚኬደው፣ በእግር አይደለም?" አለች። ጋቢዬን ተከናነብኩ።

ጥቅምት 22

ስድስት ዙር። አሥራ ስምንት ሽምብራ። ከትናንት በስቲያ አሥራ አራት ነበር። የሸሚዜን አንድ ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩ... ከላይ ያለውን፣ የማይቆለፈውን።

ለሜሳ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመን ስናርፍ፦ "ከሞትኩ የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ። በቀኝህ። በግራህ ከጻፍከው ፓስተሩ ሌላ ሰው ይቀብራል።"

"አንተ አትሞትም፣ ገና ፉሪ ወስደህ ልታደክመኝ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው" አለና ቀድሞኝ ሄደ። ድሮ መኪናውን ሲነዳም እንዲህ ነበር አሉ፣ ማንንም ከፊቱ አያስቀድምም።

ኅዳር 11

ሰባት ዙር። ሃያ ስድስት። ሳልናገር አልቀርም፣ ዛሬ ለራሴ ደስ ብሎኛል።

"ነገ ትወጣለህ?" አለኝ ለሜሳ።

"ኅዳር ሚካኤል እኮ ነው ሰውዬ። የዓመቱ።"

"አሥራ አንድ ዙር ልሞክር ነበር። ማን ይቆጥርልኛል?"

"ጣትህ።"

ኅዳር 12

በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩን ደበደበ። ሦስት ጊዜ። አማከለች ለንግሥ ወጥታለች። የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩ።

ሚካኤልን አስቤ አይደለም። ብርድ ነበር። ብርድ ብቻ።

ኅዳር 13

ትናንት ከሰዓት አልጻፍኩም። አሁን ልጻፈው።

ለሜሳ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ቦዩ አጠገብ ወደቀ። ለበዓሉ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፤ በሌላው ቀን ቢሆን ሁለት ሦስት የሚያውቁት ሰዎች ከበሩ አይጠፉም። መንገዱ ግን ባዶ አልነበረም። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ወደ ንግሥ ይሄድበታል። አንድ ሽማግሌ በበዓል ጠዋት መሬት ላይ ሲንፈራገጥ፣ ሊነሣ ሲሞክር እግሩ ሲከዳው፣ ሲናገር ምላሱ ሲተሳሰር ያየ ሰው ምን ይላል? ያንኑ አሉ፣ በኋላ እንደሰማሁት።

"ሚካኤልን ከሌሊት ጀምሮ ነው ያከበሩት አባባ።"

አንዱ ደግ ሰው መኪና እንዳይገጨው ጎትቶ ዳር አስያዘው። ዳር አስይዞት ሄደ።

ጠጅ ቤት በር ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። እኔን እንኳ ከለቅሶ ስመለስ አሽትቶ ይመክረኝ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አማከለች ከንግሥ ስትመለስ አወቀችው። ጮኸች። ታክሲ ቆመ። እኔ ጩኸቷን ከአልጋዬ ሰማሁ።

ከማንም ጋር ብጣላ ደስ ይለኝ ነበር። ከማን ጋር? ሰከረ ብሎ ያለፈውስ አላወቀም። እኔ ነበርኩ የማውቀው። አጠገቡ ቆሜ "ሰውዬው ታሞ ነው" የምትል ሦስት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ...

ኅዳር 14

ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቱ ጫልቱ እግሩን እያሻሸች ነበር። ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። አፉ አልታዘዘለትም። ብርድ ልብሱ ላይ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ከፈተና አራት ጣት አሳየኝ።

"ምን እያለ ነው?" አለችኝ ጫልቱ።

"አላውቅም" አልኩ።

አራት ዙር ነው። ስንት ዙር ጨርሶ እንደወደቀ እየነገረኝ ነው። የሚቆጥርለት ስላልነበረ።

ኅዳር 15

ለሜሳ ሌሊቱን አርፏል። ጾም ገባ።

ጫልቱ ራሷ መጣች። "ጸሐፊው ይጽፍልኛል ብሏል" አለች። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በቀኝ። አንድ ገጽ አይሞላም። ክንዴ እንደ ጨርቅ እየተልፈሰፈሰ በግራዬ ደግፌ ጻፍኩት። የተወለደበት፣ መኪናው፣ መንገዶቹ፣ አምስቱ ልጆቹ። መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ጨመርኩ፦ "አቶ ለሜሳ በወደቁበት ጠዋት አልጠጡም ነበር። ጓደኛቸው ግን አልጋው ውስጥ ተኝቶ በሩን ሲደበድቡ ይሰማ ነበር።"

አነበብኩላት።

"የመጀመሪያዋ ትቆይ፣ ይስሟት። ሁለተኛዋን አውጣት።"

"እውነት ነው እኮ ጫልቱ።"

"የሱን ታሪክ ነው የምትጽፈው ወይስ ያንተን ንስሐ? ንስሐህን ለቄስህ።"

ሰረዝኩት።

ኅዳር 16

ኪዳነ ምሕረት። ቀብር ሄድኩ። ፓስተሩ አንድ ቃል ሳይሳሳት አነበበው። "አልጠጡም ነበር" ሲል ከሰፈሩ ሰዎች ሁለት ሦስቱ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እኔም መሬት አየሁ።

ኅዳር 17

በአሥራ ሁለት ሰዓት ነቃሁ። በሩን የደበደበው የለም።

ኅዳር 18

እንዲሁ።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። በቀኝ እጅ ነው የምጽፈው፤ እነዚህን ጥቂት መስመሮች ለመጻፍ ጠዋቱ አለቀ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ጫማዬን ሳጠልቅ አማከለች ነጠላዋን እያጣፋች ነበር።

"ዛሬ ጽዮን እኮ ናት።"

"አውቃለሁ።"

ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር አሰረችልኝ።

ታኅሣሥ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀረው። ታይፑን አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ ሞከርኩት፤ ቀኝ እጄ አንዱን ፊደል ጫን እስኪል አምስት ይቆጠራል። ጃንጥላው ሥር ሌላ ሰው ሳይቀመጥ አይቀርም። ስለሱ ማመልከቻ አልጽፍም።

ወጣሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛው ላይ፣ ለሜሳ የወደቀበት ቦይ አጠገብ ቆምኩ። ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው። ነጭ የለበሱ ሁለት ጎረምሶች እየመጡ እግሬን ስጎትት አዩኝ።

"በጽዮን በጠዋቱ" አለ አንዱ።

"ተወው፣ ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ነው" አለ ሌላው። ሳቁ።

መልስ ነበረኝ። ሦስት መልስ ነበረኝ፣ አንዱ ከአንዱ የተሳለ።

አምስት አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ዞሬ መራመድ ጀመርኩ።