ዓይነ ስውራንን ለበተኑት የጸጥታ ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የጸጥታ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎስ? እኔ የኦቦ ቀጄላ ልጅ ገለቴ፣ ከሱሉልታ ዳርቻ ሆኜ ለዓይንዎ ረጅም ዕድሜ እለምናለሁ፤ ገና ብዙ የሚያዩት አለና።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ ላመስግን። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በበረታበት ወቅት የዓይን ሞራ በነፃ የሚገፍፉ ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያችን እንደሚመጡ ሰምተን፣ ከየገጠሩ ዓይናቸው የጠፋ አረጋውያን በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር። እርስዎ ከፖሊሶችዎ ጋር ደርሰው ሰልፍ መሆኑን ወዲያው ለዩ። አባቴ “ልጄ፣ ወረፋ ነው የያዝነው” ቢሉዎት፣ “ያልተፈቀደ ሰልፍ ነው፤ በትኑ!” ብለው አዘዙ። መንገዱ የማይታየው ሰው ወዴት እንደሚበተን ለመንገር ጊዜ እንዳጠረዎ እረዳለሁ። ሐኪሞቹንም ከነመኪናቸው ከመንገድ መልሰው ስላሳረፏቸው ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ጎረቤታችን አዴ ቦሰና ከፖሊሶችዎ ዱላ ሲሸሹ ቦይ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለሕክምናው የጓጉት የልጅ ልጃቸውን መልክ ለማየት ነበር። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሡም፤ ሕፃኗን አስጠግተው ፊቷን በጣታቸው እየዳሰሱ “ማንን ትመስላለች?” ይሉን ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ቀበርናቸው። የአበባ ጉንጉን ስላልላኩ እናመሰግናለን፤ የምንጥልበት ቦታ ይቸግረን ነበር።

ልጃቸው ኤቢሴ ለአቤቱታ ቢሮዎ ስትመጣ “ያየ ምስክር አምጪ” ብለው መለሷት። ከፖሊሶችዎ በቀር በቦታው የነበሩት ሁሉ ዓይነ ስውራን መሆናቸውን እያወቁ እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ጥያቄ መጠየቅዎ የሚደነቅ ነው።

ሐኪሞቹ በኋላ ሆለታ መጡ፤ አባቴን ወሰድኳቸው። ፋሻው ሲፈታ ፊቴን ትክ ብለው አይተው “ገለቴ፣ አንቺም አርጅተሻል እኮ!” አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት እርስዎ ወደ ጠሩት የሰላም ጉባኤ አብረን መጣን። ባለ ሥልጣናቱ በየተራ ሲናገሩ አባቴ የዳነ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። እርስዎ “ውድ ወገኖቼ” ሲሉ ብድግ ብለው በበትራቸው ጠቆሙዎ። “ይሄ ነው! በትኑ ያለው ይሄ ድምፅ ነው!” አሉ። ያን ዕለት አብረዋቸው የተሰለፉት አረጋውያን፣ የዳኑትም ያልዳኑትም፣ “አዎ፣ እሱ ነው” እያሉ ከየወንበራቸው ተነሡ። እርስዎ ንግግርዎን አቋርጠው በኋላ በር ወጡ። ኤቢሴ በማግስቱ ሁሉንም ምስክሮች ይዛ ክሷን አስገብታለች።

መጥሪያው እስኪደርስዎ ጤናዎን ይጠብቁ፤ ታመምኩ ብለው እንዳይቀሩብን አጥብቄ እየለመንኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ገለቴ ቀጄላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጉባኤው ስንመለስ አባቴ “ድምፁን ብቻ ስሰማ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር” አሉ።