ዝናቡ ያልቀረበት መጽሐፍ

ሰይዴ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ የእኔን ግን ልንገርህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ልጃችን ዘይነብ ወልድያ ኮሌጅ ገብታለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ሰቆጣ ባጃጅ በዝቷል። በሱቃችን በር ባለፉ ቁጥር ጨርቁን ሁሉ አቧራ ያለብሱታል፤ እሱን ሳራግፍ እውላለሁ። ለሰው የምታውስበት የመጻሕፍት መደርደሪያህ እዚያው ከሳሙናው ጎን አለ። አንስቼ የፕላስቲክ ጫማ ልደረድርበት አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሰው አሁንም እየመጣ «ምን ላንብብ?» ይለኛል። እኔ እንዳንተ አልሆነልኝም። አንተ ሰውየውን መጀመሪያ ታስወራው ነበር፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስላስከፋው ነገር። ከዚያ ዞር ብለህ አንዱን ትስባለህ። ሩቅ ቆላ ሰሃላ ተመደብኩ ብሎ ሲያማርር ለነበረው የጤና ረዳት፣ ሩቅ ኮከብ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው የተጻፈውን ሰጠኸው። ለዚያች ለአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ ደግሞ የቤቱን ሥራ ሁሉ ማሽን ስለሚሠራበት አገር የሚያወራውን። ስትመልስልህ «ታዲያ ማሽኑን የሚያጥበው ማነው?» አለችህና ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። እኔ ግን ለአንዲት ሐዘንተኛ ሳላስበው የጦርነት መጽሐፍ ሰጠኋት፤ ተመልሳ አልመጣችም።

ዛሬ የምጽፍልህ ከታች ከዝቋላ ቆላ ስለሚመጡት አያ ሲሳይ ነው። ፍየላቸውን ሸጠው ሲጨርሱ በራችን ላይ ተቀምጠው ያነቡ የነበሩት። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ቀስ እያሉ ነበር የሚያነቡት። መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ስለሰፈሩ ሰዎች የሚተርከውን ሰጠሃቸው። በሚቀጥለው ገበያ መጥተው «እነዚህም ውሃ በሩቅ እየቀዱ ነው የሚኖሩ፤ እኛው ነን እንዴ?» አሉህ። ከዚያ ወዲያ የሳይንስ ልብ ወለድ ከተባለ አንድም አላስቀሩልህም።

አንዱን መጽሐፍ ግን ከለከልካቸው። ያንን አረንጓዴ ልባስ ያለውን፤ ደራሲው ታሪኩን ገልብጦ «በሰባ ሰባት ዝናቡ ባይቀር ኖሮ» ብሎ የጻፈውን። በመጽሐፉ እህሉ ይደርሳል፣ ጎተራው ይሞላል፣ ማንም ከቀዬው አይሰደድም። ከጠረጴዛው ሥር ነበር የምትደብቀው። አያ ሲሳይ በዚያ ድርቅ ሦስት ልጆች ቀብረዋል። ስለ መጽሐፉ ከአንድ አስተማሪ ሰምተው ሲጠይቁህ «ሰው ወስዶታል» አልካቸው። እሳቸው እንደሄዱ ተጣላን። «ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንተ ማን ሆነህ ነው የምትከለክላቸው?» አልኩህ። «ሰዓዳ፣ እኔ መጨረሻው ላይ ስደርስ በሰባ ሰባት የሞተችውን እህቴን እንደገና ቀብሬያታለሁ» አልከኝ።

ባለፈው መኸር አያ ሲሳይ መጡ። ስላንተ አላህን ከለመኑልኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰይድ ያንን መጽሐፍ እንደደበቀብኝ አውቅ ነበር። አልተቀየምኩትም። አንቺ ግን ስጪኝ» አሉ። ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም። ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ጠፉ። ገበያ ይቆማል፣ ይበተናል፤ እሳቸው የሉም። የዝቋላ ፍየል ነጋዴዎችን ስጠይቅ አንዱ «ሲሳይ? ከደጁ አይወጣም። ማሽላውን ማሳው ላይ ወፍ እየበላው ነው» አለኝ። የገበያ ቀን መሆኑን እያወቅኩ ሱቁን ዘጋሁና በአይሱዙ እስከሚያደርሰኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ።

አያ ሲሳይን ደጃቸው ላይ፣ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጎረቤት ከቧቸው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ደስ አላቸው። «ሰዓዳ፣ ይሄ የጻፈው ሰው ዝናቡን አመጣው፤ እህሉንም አደረሰው። ልጆቹን ግን ሳያሳድጋቸው መጽሐፉን ጨረሰ» አሉኝ። እናም እሳቸው የቀበሯቸውን ሦስቱን ልጆቻቸውን በሐሳብ እያሳደጓቸው ነበር። ትልቁ አግብቶ ጎጆ ወጥቷል። ተከታዩ የወልድያ አውቶቡስ ሾፌር ሆኗል። ትንሿ ትምህርቷን ሰቆጣ ጨርሳ እዚያው ታስተምራለች። ውሃ ሊቀዱ ወርደው አሁን እንደሚመለሱ አድርገው ነበር የሚያወሩልኝ። ጎረቤቶቹም የየራሳቸውን ሟች እያመጡ «የእኔስ ምን ይሆን ነበር?» ይሏቸዋል። አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ማጭድ ይዘው ከማሳው መጡ። ብቻቸውን ሲቆርጡ ነበር የዋሉት፤ እጃቸው ተሰነጣጥቋል። የማን ሚስት እንደሆንኩ ሲሰሙ ፊቴ ቆሙ። «ልጄ፣ መጽሐፍሽን ውሰጂልን» አሉኝ። «ሙታኑ ቤቱን ሞሉት፤ እኔ የምቀመጥበት አጣሁ። ልጆቹ የእኔም ናቸው። እኔ ግን ቀብሬያቸዋለሁ።»

አያ ሲሳይ ባለቤታቸውን ትክ ብለው አዩ። ምን ያህል እንደከሱ ገና ያን ጊዜ ያዩ መሰለኝ። መጽሐፉን ዘግተው ሰጡኝ፤ ማጭዱን ከባለቤታቸው እጅ ተቀብለው ወደ ማሳው ወረዱ። እኔም ሻሼን አጥብቄ ተከተልኳቸው፤ እስኪመሽ የማሽላ ራስ ተሸከምኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ገበያ መጥተው በራችን ላይ ተቀመጡ። መጽሐፍ ላውጣልዎት ወይ ስላቸው «ገና ነኝ» አሉ። መስጠቴ ልክ ይሁን ስህተት እስከዛሬ አላውቅም፤ ይከነክነኛል። አንተ እንዳልከው ሆነ ብዬ እንዳልተውልህ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሞቱ ልጆቹን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዝቋላ ስመለስ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እኔም አንተ ከሞትክ ጀምሮ እንዲያ ያለ መጽሐፍ በልቤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሕመምህ ሳይጠና፣ ትንሽ ቀደም ብለን ወልድያ ሆስፒታል ወስደንህ ቢሆን ኖሮ። በዚያ መጽሐፍ ድነህ ተመልሰሃል፣ ወፍረሃል፣ ጢምህ ሸብቷል፤ ከእኔ ጋር ተጣልተን አናውቅም። ስንት ቀን ከዚያ ሰውዬ ጋር ሳወራ ውዬ ደንበኛ ሲጠራኝ አልሰማሁም።

ያንን ሰው ከዛሬ ጀምሮ እተወዋለሁ፣ ሰይዴ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ባሌ አይደለም። እኔ የማስታውሰው ግትሩን፣ መዋሸት የማይችልበትን፣ በሰው መጽሐፍ ላይ ሻይ ደፍቶ የሚደነግጠውን፣ በመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ ዘይነብን አደራ ያለኝን ነው። እሱን እስክሞት አልረሳውም። ዱዓዬም ለሞተው ሰይድ ነው።

ሰዓዳ